የጥድ አምባ ሰዎች በልተዋል

ሰኞ ጠዋት መምህር ስማቸው ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ጻፉ፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ታሰሩ። ሰው ገድለው አይደለም። የሰው ሚስት ነጥቀውም አይደለም። ግሥ ጽፈው!

ግሡ ደግሞ የሚያስፈራ ነገር እንዳይመስላችሁ። «ኢት» ነው፤ መብላት። «ኢት፣ ኤት፣ ኢትን» እያለ ያልዘመረ ተማሪ በአገሩ የለም። ነገር ግን ዘመኑ 1965 ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ግንቦት፣ ቦታውም መካነ ሰላም ነበር። ክረምቱ ከድቶ፣ በልጉም ሳይዘንብ ቀርቶ፣ ገበሬው መጀመሪያ በጉን፣ ቀጥሎ ላሙን፣ በመጨረሻ የእርሻ በሬውን ሸጦ የጨረሰበት ዓመት ነው። ከበላይ የሚወርደው ቃል ግን «ረኃብ የለም» የሚል ነበር። እንግዲህ ረኃብ በሌለበት አገር «መብላት» የሚል ቃል ምን ያስፈራል? ኧረ ማን ይጠይቅ!

አልታዬ አድማሴ ያን ጠዋት ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ዕድሜዋ ግን አሥራ ዘጠኝ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ተድራ፣ በአሥራ አምስት ባሏን ጥላ፣ «ዕድሜ ልኬን የሰው እህል ስፈጭ ከምኖር ፊደል እቆጥራለሁ» ብላ ከተማ የገባች፣ በዓመት ሁለት ሁለት ክፍል እያለፈች እዚህ የደረሰች ልጅ ናት። እሳት የላሰች ይሏታል፤ እሷም አልካደችም። ስንቋ ከጥድ አምባ፣ ከአባት ከእናቷ ቤት ይመጣላት ነበር፤ ከየካቲት ወዲህ ቀረ። ጠዋት አንድ ጭብጥ ቆሎ፣ ማታ አንድ ጭብጥ ቆሎ፣ በመሃል እንግሊዝኛ። ኑሮዋ ይኸው ነበር።

መምህሩ ግሡን ካስዘመሩ በኋላ፣ «ግሥ ማለት የሚሠራ ሥራ ነው። ሥራው ሳይሠራ ተሠራ ብሎ የጻፈ ሰው እንግሊዝኛ አልቻለም፤ ዋሸ እንጂ። በሉ ዓረፍተ ነገር ስጡኝ» አሉ። ሞላ የሚባል ተማሪ ከኋላ ተነሣና፣ «ሰር፣ እኛና ይኸ ግሥ ከተገናኘን ቆየን» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩ ግን አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ። ኋላ ጠመኔውን አንሥተው በትልልቁ ጻፉ፤ «የወሎ ሰው አልበላም።» በእንግሊዝኛ ነው የጻፉት። «ገልብጡ» አሉ። ሁሉም ገለበጠ። ከገለባጮቹ አንዱ ግን ደብተሩን ይዞ ሄዶ ለሹም አሳየ። እሱን የፈጠረው ይጠይቀው።

ሹሙ ቀኛዝማች ብዙነህ ናቸው። ከከተማው በታች እስከ ጥድ አምባ ድረስ ያለው መሬት አብዛኛው የእሳቸው ነው፤ ሰዉም እንደዚያው። «በእኔ ግዛት ሁሉ ጥጋብ ነው» ብለው በፊርማቸው ለበላይ ልከዋል። ታዲያ ሐሙስ ዕለት በአጅባር በኩል አንዲት ላንድሮቨር አቧራ ለብሳ ደረሰች። የወረደችው ፀጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ሐኪም ናት፤ እጇ ላይ የፈቃድ ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ ላይ የበላይ ማኅተም። ቀኛዝማች ማኅተሙን አዩት፣ አገላበጡት፣ ዋጡት። ተመለሽ ማለት አይቻል!

አስተርጓሚ ተፈለገ። ከተማው ውስጥ እንግሊዝኛ አሳምረው የሚናገሩት መምህር ስማቸው እስር ቤት ናቸው። የቀኛዝማች ጸሐፊ ፈንታሁን ይሰማል እንጂ መናገር ላይ ምላሱ ይተሳሰራል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር «ከተማሪ አንደኛዋ ሴት ናት» ሲሉ ቀኛዝማች ፊታቸው በራ።

«ሴት? ይሻላል። ሴት ልጅ ያሏትን ትላለች» አሉ። እውነትም አልታዬን አያውቋትም።

ጠርተው አቆሟት። «አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። የተባለውን ብቻ ተርጉሚ። ቃል አትጨምሪ፣ ቃል አትቀንሺ። ፈንታሁን አጠገብሽ ነው፤ ይሰማል። የሚኒስትሪ ፈተናሽ የፊታችን ሰኔ ነው አይደል? በይ እንግዲህ።»

አልታዬ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «እሺ ጌታዬ» አለች። ሆዷ ግን «ቆይ ብቻ» ይል ነበር።

ላንድሮቨሯ ውስጥ ዶክተሯ ለአልታዬ በቀስታ፣ ቃል በቃል እየለየች አስረዳቻት። የስንዴ መኪኖች አሉ፤ ለሁሉም አይበቁም። ሦስት አካባቢ ታያለች፤ ስንዴው የሚሄደው ለባሰበት ነው። የያዘችው መዝገብ መሃሉ ላይ መስመር የተሰመረበት ነው፤ በዚህ በኩል ዛሬ የበላ፣ በዚያ በኩል ያልበላ። ነገ ጠዋት ወደ ኩታበር ትሄዳለች፤ አትመለስም። «ስለዚህ እያንዳንዱን ሰው ዛሬ በልቷል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አለቻት። አልታዬ መዝገቡን አየችው። የሰው ነፍስ በአንድ ግሥ ላይ ተንጠልጥላ አየች።

«የት ነው የምንሄደው?» ብላ ፈንታሁንን ጠየቀችው።

«ጥድ አምባ።»

አገሯ ነው። አባቷና እናቷ ያሉበት። ከገና ወዲህ ረግጣው አታውቅም።

ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በታች፣ ሜዳው ላይ በረድፍ ቆሞ ጠበቃቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ ጥድ አምባ ድሮም ሲደላ ሲከፋ አንድ ላይ ነው። አልታዬን የገረማት ልብሱ ነው። ሁሉም ነጭ ጋቢ ለብሷል! በዚህ ዓመት፣ ሰው ነጠላውን በጣሳ ሽምብራ በሸጠበት ዓመት፣ ጋቢ! ጠጋ ስትል የእጥፋቱ መስመር እንኳ ገና አልለቀቀም። ከቀኛዝማች ሣጥን የወጣ የተውሶ ጋቢ ነው። ከጋቢው ሥር የሚታየው እግር ግን የማንም ተውሶ አልነበረም፤ አጥንት ብቻ ነው። ሽማግሌዎችና ሕፃናት ደግሞ በረድፉ ውስጥ የሉም። የት ሄዱ? ብላ አሰበች፤ የሚጠየቅ ሰው ግን አልነበረም።

ቀኛዝማች ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉና በኩራት፣ «አንድም ሰው በአለንጋ አላስፈራራሁም። ለምን ብዬ? የወሎ ሰው እንግዳ ፊት ተራብኩ አይልም። አሁን ታያለሽ» አሏት።

ክፉ ሰው አገሩን ሲያውቅ እንዴት ያውቀዋል!

መጀመሪያ የቆመችው ሩቂያ ናት፣ የእነ አልታዬ ጎረቤት። ከአልታዬ እናት ጋር በአንድ ጉድጓድ ውኃ ሲቀዱ የኖሩ ናቸው። አልታዬ፣ «እትዬ ሩቂያ፣ ዛሬ በልታችኋል?» ብላ ጠየቀቻት።

ሩቂያ ጋቢዋን ሰብሰብ አድርጋ ፈገግ አለች። «አልሐምዱሊላህ፣ በልተናል! እናንተስ ደህና ናችሁ? መንገዱ አላደከማችሁም?»

አልታዬ ተረጎመች። ዶክተሯ መዝገቡ ላይ በዚህ በኩል ጭረት ጫረች። የበላ።

ቀጥሎ ጀብሪል። «በልተናል፣ ምን ጎድሎብን!» ጭረት። ቀጥሎ ውበቱ፣ ዲያቆኑ። «ተመስገን፣ ጠግበን አደርን።» ጭረት። ውበቱ ይህን ሲናገር አጠገቡ የቆመውን ሰው ትከሻ ተደግፎ ነበር። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ዘጠነኛ፤ ሁሉም በላ! በዚያች ጭስ በማይታይባት መንደር ሁሉም በልቶ ጠግቦ ቆሟል!

አልታዬ ደሟ ፈላ። የሰዎቹ ነገር ገብቷት ነው ደሟ የፈላው። «በላችሁ ወይ?» ሲባል «ተመስገን፣ በልተናል» ማለት በጥድ አምባ ሰላምታ ነው፤ «እንዴት አደሩ» ሲባል «ደህና» እንደማለት። ሞቶ ያደረም ሰው «ደህና» ይላል! ለእንግዳ፣ ያውም ባሕር ተሻግሮ ለመጣ እንግዳ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ «አልበላሁም» ማለት ልብስን አውልቆ መቆም ነው። ልመና ነው። የፈረንጅቱ ግሥ ግን ሰላምታ አያውቅም። «ኢትን» ብሎ የተናገረ ሰው ምግብ አፉ ገብቷል፣ ሆዱ ወርዷል፣ አለቀ። ጭረት! ሰዉ በገዛ ጨዋነቱ ስሙን ከስንዴው መኪና ላይ እያወረደ ነበር።

አልቻለችም። በእንግሊዝኛ፣ ፈጠን አድርጋ፣ «እኛ አገር ሰው ለእንግዳ ራበኝ አይልም። ያፍራል» አለቻት።

ፈንታሁን ክርኗን ያዝ አደረገ። «የተባለውን ብቻ!»

ዶክተሯ ቀና ብላ አልታዬን አየቻት፣ ከዚያ ረድፉን አየችው። ደክሟታል። «ልጄ፣ እኔ የምጽፈው ሰው የነገረኝን ወይም በዓይኔ ያየሁትን ነው። አንቺ ያልሽውን ልጽፍ አልችልም» አለች። አነጋገሯ ክፋት የለበትም፤ ሥራዋ ነው። አልታዬ ከንፈሯን ነክሳ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

የሚቀጥለው ሰው አባቷ ነበሩ።

አቶ አድማሴ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። ያ ትከሻቸው፣ ያ ሁለት ቀንበር የሚሸከም ትከሻ፣ በተውሶው ጋቢ ሥር ቁልቁል ወርዶ ሌላ ሰው ሆነዋል። ልጃቸውን ከፈረንጅ አጠገብ ቆማ በፈረንጅ አፍ ስትናገር ሲያዩ ግን ፊታቸው ላይ የኩራት ብርሃን ወጣ። በዚያ ብርሃን አልታዬ ልቧ ተሰበረ።

«አባዬ» አለች። «ዛሬ በልተዋል?»

አቶ አድማሴ ደረታቸውን ነፉ። ለልጃቸው ክብር ሲሉ ከሁሉም በላይ ከፍ አድርገው፣ «በልተናል እንጂ! ተመስገን ነው! ምነው እንግዳዋን ሜዳ ላይ አቆማችኋት? ትግባ፣ ቤት ያፈራውን ትቅመስ እንጂ! የአድማሴ ቤት መች ለእንግዳ ይዘጋል!» አሉ።

ባህል ነው። ሰው ይጋብዛል፣ እንግዳው «ይቅርብኝ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ይላል፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። ጋባዡም ተጋባዡም ያውቁታል።

አልታዬም ታውቀዋለች። አባቷን አየች፤ መዝገቡን አየች። «በዓይኔ ያየሁትን» ያለችው የዶክተሯ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞራ፣ አንድ ቃል ሳትጨምር፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ ተረጎመችው። «በልተናል ይላሉ። ቤታቸው ገብተሽ እንድትበዪም ጋብዘውሻል።» ቤቱን በጣቷ አሳየቻት፤ ከግራሩ ሥር።

ዶክተሯ ፊቷ በራ። መዝገቧን አጠፈች። «በደስታ!»

ጉድ ፈላ። ቀኛዝማች «ምን አለች? የት ልትሄድ ነው?» ሲሉ ፈንታሁን እየተንተባተበ ነገራቸው። «ጊዜ የለም በያት! ቤቱ ሩቅ ነው በያት!» አሉ። አልታዬ ሁለቱንም ተረጎመች። ዶክተሯ ግራሩን አየች፤ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ከዚያ መሄድ ጀመረች። ሰው በተሰበሰበበት የተጋበዘ እንግዳ ማስቀረት ደግሞ ነውር ነው፤ ቀኛዝማችም ሹም ቢሆኑ ባላገር መሆናቸውን አልረሱም። ተከተሉ።

አቶ አድማሴ ደም ፊታቸው ላይ አልቀረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ልጃቸው አጠገብ ሆነው እየተራመዱ፣ በሹክሹክታ፣ «ምን ነካሽ ልጄ? ቤት ምን አለ ብለሽ ነው?» አሏት።

«ምንም እንደሌለ አውቄ ነው አባዬ።»

«እና ምን ብለሽ ተረጎምሽው?»

«እርስዎ ያሉትን ነዋ! እኔ ጋበዝኳት?»

በር ተከፈተ። ጣሪያው በአንድ ጎኑ ሰማይ ያሳያል፤ ክዳኑን ለበሬው መኖ ነቅለውለት፣ በሬው እሱን በልቶም ሞቷል። ጎታው በአፉ ተደፍቷል። ምድጃው ውስጥ ያለው አመድ ቀዝቅዞ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ዶሮ እንኳ ካለቀ ቆይቷል። አቶ አድማሴ ግን ባላገር ናቸው። ጋቢውን ከትከሻቸው አውርደው መደቡ ላይ አነጠፉና «ይቀመጡ» አሉ። ዶክተሯ ተቀመጠች። አቶ አድማሴ ቤቱ መሃል ቆመው ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ከጥጉ አንዲት ድስት አነሡ፣ ክዳኗን ከፈቱ፣ በገል ጨልፈው በሁለት እጃቸው ለእንግዳቸው አቀረቡ።

የተቀቀለ ሳማ ነው። ያ የሚለበልበው ቅጠል። ጨው የለው፣ ምን የለው።

«ምንድን ነው?» አለች ዶክተሯ።

«ሳር ነው» አለች አልታዬ። «ሳር አይደለም፤ የሚያቃጥል ቅጠል ነው። እሳቸው በልተናል ያሉት ይኸን ነው። እሳቸው ደግሞ አባቴ ናቸው።»

ዶክተሯ አልታዬን አየች፣ አቶ አድማሴን አየች። ገሉን ተቀበለችና በላች። ሁለት ጊዜ ጎረሰች፤ ሁለተኛውን ለመዋጥ ዓይኗን ጨፈነች።

ያኔ ነው አልታዬ ቤቱን ደግማ ያየችው። «እማዬስ?» አለች።

አባቷ ወደ በሩ እያዩ፣ «ውኃ ወርዳለች» አሉ።

«እንስራው ይኸው ተቀምጧል አባዬ!»

ቀኛዝማች በሩ ላይ ደርሰው «ይበቃል፣ ውጡ!» አሉ። አልታዬ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «እናቴ የት ናት?» ብላ ጮኸች። የድንቅነሽ ልጅ መሆኗ በዚያች ጩኸት ታወቀ፤ እናቷም ከተቆጣች መንደር ታሰማለች።

አቶ አድማሴ መደቡ ጫፍ ላይ ዘፍ አሉ። «ከቀኛዝማች ጋጥ ውስጥ ናት» አሉ። «መቆም ያቃተው ሁሉ፣ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ እዚያ ይቆይ ተባለ። እንግዳ ፊት አትውደቁ ተባልን። እኔም… እኔም እሺ አልኩ። ሚስቴን ፈረንጅ ወድቃ እንዳያያት ብዬ በእጄ ደግፌ አስገባኋት።» ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ምነው ልጄ? ለማንም ሳላሳይ ጎጆዬን ዘግቼ ልሙትበት ባልኩ፣ ሰው ፊት አዋረድሽኝ?»

«አዎ!» አለች አልታዬ። እሷም ታለቅሳለች፤ ግን ድምፅዋ አልተሰበረም። «አዋረድኩዎ አባዬ! ተዋርደው ይኑሩልኝ! ተከብረው ከሚሞቱብኝ ተዋርደው ይኑሩልኝ!»

ዶክተሯ ቃሉን አልሰማችም፤ ነገሩን ግን የሰማች ትመስላለች።

ቀኛዝማች ገቡ። «አንቺ ባለጌ! ፈተናሽን እርሺው! ትምህርት ቤት ደጃፍ ብትደርሺ እግርሽን አስሰብረዋለሁ! እንደዚያ አስተማሪሽ እስር ቤት ነው የማስገባሽ!»

አልታዬ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ወደ ዶክተሯ ዞራ፣ ቀስ ብላ፣ አጥርታ፣ «አንቺ ባለጌ፣ ፈተናሽን እርሺው፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ብትደርሺ እግርሽን አስሰብረዋለሁ፣ እንደ አስተማሪሽ እስር ቤት አስገባሻለሁ ይላሉ» ብላ ተረጎመች።

«ምን እያልሻት ነው?» አሉ ቀኛዝማች።

«የተባለውን ብቻ ጌታዬ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ፈንታሁንን ይጠይቁት።»

ፈንታሁን አንገቱን ደፋ። «እውነቷን ነው» አለ። ያ ሁሉ ዓመት ያጠናው እንግሊዝኛ የጠቀመው ያኔ ብቻ ነው። እውነትም አልታዬ ያን ሰኔ ፈተና አልተፈተነችም። የተፈተነችው በሁለተኛው ዓመት፣ አብዮት ፈንድቶ፣ ቀኛዝማች እሳቸው ራሳቸው በተራቸው ሲፈተኑ ነው። ያ ሌላ ወሬ ነው።

አቶ አድማሴ ተነሡ። ዱላቸውን ያዙ። መደቡ ላይ ያነጠፉትን ጋቢ ዶክተሯ ከተነሣችበት ሰብስበው አጣጥፈው ለቀኛዝማች ሰጧቸው። «እንካችሁ ጋቢያችሁን» አሉ። «እንካችሁ» ያሉት አክብረው ነው፤ ግን እንደ ስድብ ነበር። ቅዳጅ እጀ ጠባብ ብቻ ለብሰው ወጡ። ሜዳው ላይ የነበረው ሰው ሲወጡ አያቸው። አቶ አድማሴ ወደ ጋጡ መንገድ ያዙ፤ አልታዬ ተከተለች፤ ዶክተሯ ተከተለች። ሩቂያ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጥር ላይ ጣለችና ተከተለች። ጀብሪል ጣለ። ውበቱ ጣለ። ቀኛዝማች «ተመለሱ!» ይላሉ፤ ማን ሰምቶ! አጥሩ ነጭ በነጭ ሆነ።

የጋጡ መቀርቀሪያ ወፍራም ግንድ ነው፤ በደህናው ጊዜ አንድ ጎልማሳ የሚያነሣው። ያን ቀን ለስድስት ሆነው አነሡት። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ሽታው ወጣ። ውስጥ፣ ከብት ያለቀበት ጋጥ መሬት ላይ፣ ሠላሳ ሁለት ሰው ተኝቷል። ዶክተሯ ተንበርክካ ገባች።

አቶ አድማሴ በሩ ላይ ቆሙ። እጃቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ፤ ኋላ አወረዱትና፣ ሹሙም ሰዉም ፈረንጅቱም እንዲሰማ፣ «አልበላንም» አሉ። «ዋሽቼሻለሁ እንግዳዬ፣ ይቅር በይኝ። ከፋሲካ ወዲህ እህል አልበላንም። አፍሬ ነው። ከእንግዲህ የሚያፍረው ሌላ ሰው ነው!» ብለው ቀኛዝማችን ትክ ብለው አዩ። አልታዬ ተረጎመች፤ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ።

ዶክተሯ መዝገቡን አወጣች። የጫረችውን ጭረት ሁሉ ሰርዛ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። «ጠይቂልኝ» አለች።

«እትዬ ሩቂያ፣ ዛሬ በልታችኋል?»

ሩቂያ ፊቷን ወደ ሰማይ አነሣች። «አልሐምዱሊላህ፣ አልበላሁም!»

ጭረቱ በዚያኛው በኩል ተጫረ። ጀብሪል፣ «ወላሂ አልበላሁም!» ውበቱ፣ «አልበላሁም፣ ቀድሼም አልበላሁም!» አንዳንዱ እየጮኸ፣ አንዳንዱ እያለቀሰ፣ አንዳንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሳደብ ሰው እያፈረና እየጣመው። ያቺ መንደር «አልበላንም» እያለች እንደዚያ ቀን ቀና ብላ አታውቅም። ስንዴው በአሥራ ስምንተኛው ቀን መጣ፤ ለብዙዎች ደረሰላቸው፣ ለጥቂቶች አልደረሰላቸውም።

አልታዬ እናቷን ከግድግዳው ሥር አገኘቻት። ወይዘሮ ድንቅነሽ አጥንትና ዓይን ብቻ ሆና ተጋድማለች። አልታዬ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አደረገች። ዶክተሯ የወተት ዱቄት በውኃ በጥብጣ ማንኪያ ይዛ መጣች፤ ከማንኪያው በፊት ግን መዝገቡ ነው፤ ጥያቄው አንድ ነው፣ ለሁሉም እኩል መጠየቅ አለበት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ አልታዬ። ዛሬ በልተሻል?»

ወይዘሮ ድንቅነሽ ዓይኗን ገለጠች። ልጇን አየች፤ ከልጇ ትከሻ በላይ ደግሞ ሽበታሟን ፈረንጅ አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አልታዬ ጆሮዋን አስጠጋች።

«እንግዳዋ በላች?» አለች እናቷ።

«ምን አለች?» አለች ዶክተሯ፣ እርሳሷን ይዛ።

አልታዬ ያን ቀን ሙሉ ሰው በተናገረው ላይ አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አንድ ቃል አልቀነሰችም ነበር። አሁን ግን ዶክተሯን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «አልበላሁም አለች» ብላ ተረጎመች።

ዶክተሯም ጻፈች።